ከሥዕሉ በታች ምን አለ?

በሠርግ መጥሪያ ወረቀት ወይም በአንድ ማኅበር ዓመታዊ መጽሔት ሽፋን ላይ አበባው ወይም ርግቡ በነጭ ሣጥን ውስጥ ታስሮ፣ በቁስል ላይ እንደ ተለጠፈ ፕላስተር ሆኖ አይተው ያውቃሉ? እኔ እስካለፈው ዓመት ድረስ እንዲህ ያለውን ነገር ባየሁ ቍጥር «ይህን የሠራው ሰው ዐይን የለውም እንዴ?» እያልሁ እስቅ ነበር። ዛሬ አልስቅም። የማልስቅበትን ምክንያት በዚህ ሳምንት ዓምዴ አጫውትዎታለሁ፤ ምናልባት እርስዎም መጽሔት፣ መጥሪያ ወይም የዕድር ማስታወቂያ ለማሳተም ያሰቡ እንደ ሆነ ከእኔ ጥፋት ሊጠቀሙ ይችላሉ።

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በየዓመቱ መጨረሻ አንድ መጽሔት ያሳትማሉ። ገንዘቡ ከወላጆች ጥቂት በጥቂት ይዋጣል፤ ጽሑፉን ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፤ ገጹን ማቀናበርና ከማተሚያ ቤት ጋር መነጋገር ግን «እሱ ኮምፒዩተር ያውቃል» ተብሎ በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ኮምፒዩተር ማወቅና ኅትመት ማወቅ አንድ አለመሆናቸውን ያን ጊዜ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም አልሰማም ነበር።

ያለፈው ዓመት መጽሔት ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ረጅም ዘመን አማርኛ ያስተማሩ አንድ አዛውንት ባልደረባችን በጡረታ የሚሰናበቱበት ዓመት ስለ ነበረ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ለእሳቸው መታሰቢያ እንዲሆን ተማሪዎቹ ወሰኑ። በገጹ መካከል ፎቶግራፋቸው፣ ከፎቶግራፉ ግርጌ ሙሉ ስማቸው በትልቅ ፊደል፣ በማዕዘኑ ደግሞ አንድ እቅፍ አደይ አበባ ይሁን ተባለ። አበባውን የሚሥልልን ሰው ስላልነበረን፣ በኢንተርኔት ላይ ዝግጁ ሥዕሎች ከሚከማቹባቸው ቤቶች አንዱ ገብቼ አንድ ቢጫ አበባ አወረድሁ። የሣለው የባሕር ማዶ ሰው ስለ ሆነ አደይ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ብቻ ቢጫ ነው።

አበባው በነጭ መደብ ላይ የተሣለ ነበር። እኛ ደግሞ ለገጹ የመረጥነው ቀለም የወተት ዓይነት ስለ ነበረ፣ ሥዕሉን ባሳረፍሁት ጊዜ ነጩ ሣጥን ወለል ብሎ ታየ፤ ከዚህም በላይ የሣጥኑ ግርጌ በባልደረባችን ስም ላይ አርፎ ስሙን ሸፈነው። ይሁን እንጂ አንድ ዘዴ ዐውቅ ነበርና አልደነገጥሁም። በፕሮግራሙ ውስጥ «መልቲፕላይ» ወይም «ማባዛት» የሚባለውን ትእዛዝ ስሰጠው ነጩ መደብ ብን ብሎ ጠፋ፤ አበባው ብቻ ቀረ፤ ስሙም ከሥሩ ብቅ አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሦስት ተማሪዎች አጨበጨቡ። እውነቱን ለመናገር እኔም ኮራሁ።

መጽሔቱ 500 ቅጂ ታትሞ በካርቶን ታሽጎ መጣ። የመታሰቢያውን ገጽ ገለጥሁት። ፎቶግራፋቸው አለ፤ አበባው አለ፤ ስማቸው የለም። ነጩ ሣጥን ተመልሶ መጥቶ በስማቸው ላይ ተኝቶበታል። ሽፋኑን ባየሁት ጊዜ ደግሞ ደማቅ ሰማያዊ የነበረው የትምህርት ቤታችን ዓርማ ወይን ጠጅ ሆኖ ቆየኝ።

ወደ ማተሚያ ቤቱ እየሮጥሁ ሄድሁ። ሠራተኛው ጥፋት ያለበት ሰው አይመስልም ነበር፤ «መምህር፤ እኛ እኮ የሰጡንን ነው ያተምነው፤ ናሙናውንም አይተው ፈርመዋል» አለኝ። ናሙና ያለው በስልክ የላከልኝን ሥዕል ነው፤ እኔም ያየሁት ሽፋኑን ብቻ ነበር፤ እሱንም በታክሲ ውስጥ ሆኜ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚከሰስ ሰው ቢኖር ጸሐፊው ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ብዙ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የወላጆቻችንን አለባበስ ማየት ይበቃል። እናቶች በቀሚስ ላይ ነጠላ ሲደርቡ የቀሚሱ ጥለት በነጠላው ውስጥ አልፎ ይታያል። አባቶች ጋቢ የደረቡ እንደ ሆነ ግን ከሥር ያለው ኮት ጥቁር ይሁን ቡላ ማንም አያውቅም። የኮምፒዩተር ሥዕልም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ጋቢ ነው፤ አንዳንዱ ነጠላ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጋቢ ሆኖ ሳለ ነጠላ መስሎ የሚታይ ነው። መከራው ያለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

ጄፔግ የሚባለው የሥዕል ዓይነት ሁልጊዜ ጋቢ ነው። ባዶነትን የሚጽፍበት ቦታ የለውም፤ ለእሱ ነጭ ማለት እንደ ቀይና እንደ ጥቁር ያለ አንድ ቀለም ነው። ጂፍ የሚባለው ደግሞ ከቀለሞቹ አንዱን ብቻ መርጦ «ይህ ባዶ ይሁን» ማለት ይችላል፤ ነገር ግን ወይ ፍጹም ባዶ ነው፤ ወይ ፍጹም ድፍን ነው፤ በመካከል ያለውን ስስነት አያውቅም። ስለዚህ የሥዕሉ ጠርዝ በመጋዝ የተቈረጠ ይመስላል። እውነተኛው ነጠላ በ1996 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) የወጣው ፒኤንጂ ነው። ፒኤንጂ ለእያንዳንዱ የሥዕል ነጥብ ከሦስቱ ቀለሞች ሌላ አራተኛ ቍጥር ሊይዝለት ይችላል። ይህ ቍጥር እንደ ተለመደው ከ0 እስከ 255 ይደርሳል፤ 0 ማለት ፈጽሞ ባዶ፣ 255 ማለት ፈጽሞ ድፍን፣ በመካከል ያለው ሁሉ ደግሞ እንደ ልኩ ስስ ነው። አራተኛውን ቍጥር «አልፋ» ብለው የሰየሙት አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትመል የተባሉ ሰዎች ሲሆኑ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠሩ ያሰቡት ነው። ሁለቱም በኋላ የካርቱን ፊልም የሚሠራውን ፒክሳርን ከመሠረቱት መካከል ናቸው።

ነገር ግን ስሙ ፒኤንጂ የሆነ ሁሉ ነጠላ ነው ብለው እንዳይታለሉ! ሥዕል አቀናባሪ ፕሮግራሞች ባዶውን ቦታ እንደ ዳማ ገበታ ባሉ ግራጫና ነጭ አደባባዮች ያሳያሉ። ይህን የሚያውቁ ተንኰለኞች፣ ወይም ሰነፎች፣ ዳማውን ራሱን ከሥዕሉ ጋር አድርገው ያስቀምጡታል። እርስዎ «ባዶ ነው» ብለው ያወርዱታል፤ በገጽዎ ላይ ሲያሳርፉት ግን አበባው ከነዳማው ይመጣል። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ያለውን ሥዕል አምጥቶ «መምህር፤ ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ምንጣፍ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ሌላም ስውር ነገር አለ። በነጭ መደብ ላይ ተነሥቶ በኋላ የተቈረጠ ሥዕል፣ በጠርዙ ዙሪያ የነጩን ትዝታ ይዞ ይቀራል። በነጭ ገጽ ላይ አይታይም፤ በጥቁር ወይም በአረንጓዴ ላይ ያሳረፉት እንደ ሆነ ግን ዙሪያውን ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በፎቶሾፕ ይህን ነጭ ጠርዝ የሚያነሣ ትእዛዝ አለ፤ ካልሆነም ጠርዙን አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ያህል ወደ ውስጥ መከርከም ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያጋልጥ አንድ ቀላል ፈተና አለ። እኔ አሁን ያወረድሁትን ዝግጁ ሥዕል ሁሉ በገጹ ላይ ከማሳረፌ በፊት ከሥሩ ዐይን የሚወጋ ቀይ ቀለም አነጥፍበታለሁ። ሣጥን ካለው ይታያል፤ ዳማ ካለው ይታያል፤ ነጭ ጠርዝ ካለው ይታያል። ጥላውም በሐሰት ግራጫ የተቀባ ይሁን፣ ወይም በእውነት ስስ ይሁን፣ ቀዩ ራሱ ይመሰክራል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ባለፈው ዓመት ይህችን አንድ ደቂቃ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ሥዕሌ ጋቢ መሆኑን ዐውቅ ነበር።

ታዲያ ያ ማባዛት የተባለው ትእዛዝ ምን ሠርቶ ነው ነጩን ያጠፋልኝ? እንደ ስሙ ያባዛል። የብርሃን ልክ ከ0 እስከ 1 ቢቈጠር ነጭ 1 ነው፤ ጥቁር 0 ነው። በ1 የተባዛ ነገር እንዳለ ይቀራል፤ ስለዚህ ነጩ ባለበት ሁሉ ከሥር ያለው ቀለም ሳይለወጥ ይታያል። ብልኅ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ነጩ አልጠፋም። «አትታይ» የሚል ትእዛዝ ተሰጥቶት ተደብቋል እንጂ እዚያው ነው። ትእዛዙ በመንገድ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ነጩ ካለበት ይነሣል። የእኔ ትእዛዝ የወደቀው ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም በከፈተው ጊዜ ነው።

ማባዛት ሌላም ጠባይ አለው፤ መደቡን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም ነጠላ ያደርገዋል። በወተት መሳይ ገጽ ላይ ቢጫው አበባ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ በጥቁር ኮት ላይ ያሳረፉት እንደ ሆነ ግን አበባው ራሱ ይጠፋል፤ በ0 የተባዛ ሁሉ 0 ነውና። ስለዚህ ይህ ትእዛዝ ለእርሳስ ንድፍ፣ ለፊርማ፣ ለማኅተም ጥሩ ነው፤ ለባለቀለም ሥዕል ግን መደቡን በእውነት ቈርጦ ማውጣት ይሻላል። ድካም አለው፤ ነገር ግን የተቈረጠ ነገር ተመልሶ አይመጣም።

አንባቢ «ማተሚያ ቤቱስ ለምን ትእዛዙን ጣለው?» ይል ይሆናል። ለዚህ ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። አዶቤ የተባለው ኩባንያ በ1984 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ያወጣው ፖስትስክሪፕት የሚባል የማተሚያ ቋንቋ አለ። የማተሚያ መኪናዎች ለብዙ ዘመን የተነጋገሩት በዚህ ቋንቋ ነው፤ በዚህ ቋንቋ ውስጥ ደግሞ ነጠላ የሚባል ቃል የለም። ኋላ የመጣው ሥዕል ፊት ያለውን ይሸፍናል፤ አለቀ። ፒዲኤፍ እንኳ ስስነትን የተማረው በ2001 በወጣው በ1.4ኛው እትሙ ነው። ስለዚህ ነጠላ ያለበት ገጽ ወደ አሮጌ ሥርዐት የሚሄድ ከሆነ አስቀድሞ መጠፍጠፍ ይኖርበታል። መጠፍጠፍ ማለት ነጠላውንና ቀሚሱን አንድ ላይ ቈራርጦ፣ እያንዳንዱን ቍራጭ በላዩ ሊታይ በሚገባው ቀለም ነክሮ፣ እንደገና እንደ መስፋት ያለ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ነጠላም ቀሚስም የለም፤ አንድ የተጣጣፈ ጨርቅ አለ።

የተጠፈጠፈ ገጽ በኮምፒዩተር ላይ ሲታይ በየስፌቱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ይታያል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይደነግጣል። ገጹን አቅርበው አጉልተው ይዩት፤ ምስሉ እየጎላ መስመሩ ግን እንደ ቀጠነ የሚቀር ከሆነ፣ የስክሪኑ ስሕተት እንጂ የገጹ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በኅትመት አይወጣም።

ለኅትመት ከተለዩት የፒዲኤፍ ዓይነቶች ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። «ኤክስ-1ኤ» የሚባለው ሁሉን ነገር ጠፍጥፎ በማተሚያ ቀለም ብቻ ይሰጣል፤ «ኤክስ-4» የሚባለው ግን ነጠላውን ነጠላ እንደ ሆነ ያሳልፋል። ማተሚያ ቤቱ የትኛውን እንደሚፈልግ ሥራው ሳይጀመር መጠየቅ ነው። መኪናቸው አሮጌ ከሆነ ራስዎ ይጠፍጥፉት፤ የተጠፈጠፈውንም ራስዎ ገልጠው ይዩት። ከሁሉ በላይ ግን በተከፈተ ፋይል ፈንታ ያለቀለት ፒዲኤፍ ይስጡ፤ እኔ የሰጠሁት ክፍት ፋይል ነበርና።

አሁን ወደ ወይን ጠጁ ዓርማ እንመለስ።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በሦስት የእጅ ባትሪ ነው። የአንዱን አፍ በቀይ፣ የሁለተኛውን በአረንጓዴ፣ የሦስተኛውን በሰማያዊ ሴሎፎን እሸፍንና ክፍሉን አጨልሜ በነጭ ግድግዳ ላይ አበራቸዋለሁ። ቀዩና አረንጓዴው ሲደራረቡ ቢጫ ይወጣል። ሦስቱም ሲገናኙ ወደ ነጭ ይጠጋሉ። ሁልጊዜ በዚህ ጊዜ ክፍሉ ይንጫጫል። ከዚያ በኋላ አንዱን ተማሪ ቀይና አረንጓዴ የውኃ ቀለም በወረቀት ላይ ቀላቅል እለዋለሁ፤ የጭቃ ዓይነት ቡናማ ይወጣል። ብርሃን በብርሃን ላይ ሲጨመር ይደምቃል፤ ቀለም በቀለም ላይ ሲጨመር ግን ይጨልማል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የስኮትላንዱ ሊቅ ጀምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በለንደን አንድ ባለ ኅብር ጥብጣብ በሦስት ቀለም ማጣሪያ ተራ በተራ ፎቶግራፍ አስነሥቶ፣ ሦስቱን በሦስት ፋኖስ አደራርቦ በማብራት የጥብጣቡን ቀለም አሳይቷል። ከእሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ደግሞ ዣኮብ ለ ብሎን የተባለ የፍራንክፈርት ተወላጅ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ቀለሞችን በተለያየ ሰሌዳ እያተመ ባለብዙ ኅብር ሥዕል ያወጣ ነበር። የስልካችን ስክሪን የማክስዌል ልጅ ነው፤ የማተሚያ መኪናው የለ ብሎን ልጅ ነው። ሁለቱ ወንድማማች አይደሉም።

ስክሪኑ የሚሠራበት የቀለም ስልት አርጂቢ ይባላል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ማለት ነው። ማተሚያው የሚሠራበት ሲኤምዋይኬ ነው፤ ሳያን የሚባለው ውኃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። በኢንተርኔት የሚገኙት ዝግጁ ሥዕሎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለስክሪን ስለ ሆነ በአርጂቢ ናቸው። ፒኤንጂ ደግሞ ቢፈልግም እንኳ ሲኤምዋይኬን መያዝ አይችልም። ነጠላ የሆነ ፒኤንጂ ባወረዱ ቍጥር ለብርሃን የተሠራ ነገር በእጅዎ እንደ ያዙ ይወቁ።

ብርሃን የሚያሳየውን ሁሉ ቀለም አያሳይም። እንደ ፀሓይ የሚያበራው አረንጓዴ በወረቀት ላይ ይደበዝዛል፤ ከሁሉ የባሰው ግን ሰማያዊ ነው። በማተሚያ መኪና ውስጥ ደማቅ ሰማያዊ የሚባል ቀለም የለም፤ ሳያንና ማጀንታ ተደራርበው ነው የሚፈጥሩት፤ ማጀንታው የበረታ እንደ ሆነ ሰማያዊው ወይን ጠጅ ይሆናል። የእኛ ዓርማ የገጠመው ይህ ነው። ባለሙያዎች ማጀንታውን ከሳያኑ ቢያንስ 30 ነጥብ ያህል ዝቅ አድርጉት ይላሉ፤ እኔም ሞክሬ ጠቅሞኛል።

ስለዚህ ቀለሙን ማን ይለውጠው? እርስዎ ካልለወጡት መኪናው ይለውጠዋል፤ መኪና ደግሞ አይጠይቅም። ዓርማንና ጥቂት ቀለም ያለውን ሥዕል እኔ ራሴ በፎቶሾፕ ከፍቼ፣ ማተሚያ ቤቱ በነገረኝ የቀለም ስሌት ወደ ሲኤምዋይኬ ለውጬ፣ ስስነቱን እንደ ያዘ በቲፍ ወይም በፎቶሾፕ ፋይል አስቀምጠዋለሁ። ፎቶግራፎችን ግን በአርጂቢ ትቼ ፒዲኤፉ ሲወጣ በአንድ ጊዜ እንዲለወጡ አደርጋለሁ፤ አንድ በአንድ መለወጥ ዕድሜ ይፈጃል። አንድ ጊዜ ከተለወጠ በኋላ ወደ ኋላ እየመለሱ እንደገና መለወጥ አይገባም፤ የደበዘዘው ድምቀት ተመልሶ አይገኝም።

ስስነትና የቀለም ስልት የሚጋጩበት አንድ ቦታ አለ፤ እኔ ከሁሉ ዘግይቼ የተረዳሁት ይህን ነው። ንጹሕ ቢጫ በንጹሕ ሰማያዊ ላይ በብርሃን ስሌት ቢባዛ ጥቁር ይወጣል። ቢጫ ቀለም በሳያን ቀለም ላይ ቢታተም ግን አረንጓዴ ነው። እንግዲህ ነጠላው መጀመሪያ በቀሚሱ ላይ ተደርቦ በኋላ ቀለሙ ቢለወጥ፣ ወይም መጀመሪያ ቀለሙ ተለውጦ በኋላ ቢደረብ፣ ውጤቱ አንድ አይሆንም። ለዚህ ነው ኢንዲዛይን የተባለው ፕሮግራም ስስ ነገሮች በየትኛው ስልት ይዋሐዱ ብሎ የሚጠይቀው። ለኅትመት መልሱ ሲኤምዋይኬ ነው። በአርጂቢ ትተውት ከሆነ፣ አንዲት ስስ ጥላ ያረፈችበት ገጽ ከነፎቶግራፎቹ በሙሉ ጥላ ከሌለው ገጽ የተለየ መልክ ሊይዝ ይችላል። አንባቢ አንድ መጽሔት ሲገልጥ የሰዎቹ ፊት በአንዱ ገጽ ጤናማ፣ በሚቀጥለው ወባ የያዘው መስሎ ካየ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሚያበሩ ርችቶችና ብልጭታዎችም ለብርሃን የተሠሩ ስለ ሆኑ በወረቀት ላይ ብዙ ተስፋ አይጣልባቸው።

ስለ ጥቁር ፊደል ሳልናገር ባልፍ አማርኛ አስተማሪው ባልደረባዬ ይቀየሙኛል። ከዝግጁ ሥዕል ጋር አብሮ የመጣ ጽሑፍ፣ ወይም በአርጂቢ ጥቁር የተጻፈ፣ ወደ ማተሚያ ቀለም ሲለወጥ በጥቁር ብቻ አይወጣም። በፎቶሾፕ የተለመደው የአሜሪካ ስሌት ለምሳሌ ሳያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ያደርገዋል፤ ድምሩ 300 በመቶ ቀለም ነው። አራቱ ሰሌዳዎች በፀጉር ስፋት እንኳ ካልተገጣጠሙ ፊደሉ ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ ያወጣል። ለላቲን ፊደል ይህ ጕዳት ነው፤ ለእኛ ፊደል ግን ከጕዳትም በላይ ነው። «ለ» እና «ሉ»፣ «ሎ» እና «ሏ» የሚለያዩት በአንዲት ቅንጣት ነውና ቅንጣቲቱ ከደበዘዘች ቃሉ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ 100 በመቶ ተደርጎ ይጻፍ፤ ቦታውም ከሥዕሎቹ ሁሉ በላይ ይሁን። ስስ ሥዕል ከላዩ ያረፈበት ፊደል ሲጠፈጠፍ ሊወፍር ወይም ጠርዙ ሊሻክር ይችላል። የእኔ ስሕተት ግማሹ ይኸው ነበር፤ የሰውዬውን ስም ከአበባው በላይ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ሣጥኑ ቢመጣም ስሙን አይሸፍንም ነበር።

በነገራችን ላይ «ነጻ» ተብሎ የተሰጠ ሥዕል ሁሉ ለሽያጭ መጽሔት ነጻ ላይሆን ይችላልና የፈቃዱን ቃል ማንበብ አይከፋም። ጥራቱም ቢያንስ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይሁን።

ለ500ዎቹ ቅጂዎች እንደገና የሚታተሙበት ገንዘብ አልነበረም። የወላጆችን መዋጮ ሁለተኛ መጠየቅ ደግሞ አልደፈርሁም። በመጨረሻ ተማሪዎቹ ራሳቸው መላ አመጡ፤ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ተሰብስበው፣ በእያንዳንዱ ቅጂ ነጭ ሣጥን ውስጥ ስማቸውን በሰማያዊ እስክሪፕቶ በእጃቸው ጻፉ። ሁለት ቀን ፈጀ። እኔም 60 ያህሉን ጻፍሁ።

በመሰናበቻው ቀን መጽሔቱን ለባልደረባችን አቀረብንላቸው። ገጹን ገልጠው መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። እኔ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። ከዚያም «እዚህ ላይ ስሕተት አለ» አሉ። ልናገር አፌን ስከፍት ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪፕቷቸውን አወጡ፤ ከተማሪዎቹ አንዱ በስማቸው ውስጥ ያለችውን ንጉሡን «ሠ» በእሳቱ «ሰ» ጽፏት ኖሯል። አረሟትና በዳሩ ላይ ትንሽ የእርማት ምልክት አደረጉ። «ማን ነው የጻፈው?» አሉ። ማንም አልመለሰም። እኔ ግን የእጅ ጽሑፌን አላጣሁትም።

የዘንድሮው መጽሔት ናሙና አሁን በጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ በስልክ ሳይሆን በወረቀት። ከእያንዳንዱ ዝግጁ ሥዕል ሥር ቀዩን አንጥፌ ፈትሻለሁ፤ ጽሑፉ ከላይ ነው፤ ፒዲኤፉም የተጠፈጠፈ ነው። የዓርማው ሰማያዊ ግን አሁንም ጥቂት ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ቅዳሜ ጧት የትምህርት ቤቱን ባንዲራ ይዤ ማተሚያ ቤት እሄዳለሁ፤ ጨርቁንና ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርገን በቀን ብርሃን እናየዋለን።